የማን ክረምት?

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ማለዳ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ቀጭን መጽሐፍ ይዘዋል። «መምህር፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ መጽሐፍ ስታስነብብ የኖርክ ሰው ነህ። እስቲ ይቺን ገጽ አንብብና ምን እንዳጎደልኩ ንገረኝ» አሉኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እትዬ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው) ዕቁባቸው ሲወጣላቸው በየካቲት 20 የሦስት ወር ቄቦች ገዝተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በሰፈራችን ዶሮ ማርባት የጡረተኛው ሁሉ ወሬ ሆኗል። እሳቸውም ከአጣናና ከቆርቆሮ የተሠራች ቤት በጓሯቸው አቆሙ። በግንቦት ቄቦቹ መጣል ጀመሩ። በሰኔ በቀን 14፣ 15 እንቁላል ይለቅሙ ነበር። ለሰፈሩ ሱቅ ይሸጣሉ፣ አራስ ቤት ሲሄዱ ይዘው ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጃቸውንም ደብተርና እስክሪብቶ ከዚያው ይችላሉ። እንግዲህ በዚያ ማለዳ ወደ እኔ ሲመጡ የቀኑ እንቁላል 4 ደርሶ ነበር። ሁለት ዶሮ ሞቷል። ሦስተኛዋ ክንፏን ጥላ ጥግ ይዛለች።

«መጽሐፉ ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ችግሩም እሱ ላይ ነው።

መቼም እኔ የዶሮ ሐኪም አይደለሁም። ሳስተምር የኖርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ሂስ የጻፍኩትም ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም ነው። ስለ ዶሮ እርባታ መጽሐፍ ሂስ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን እስቲ አስቡት፤ አንድ ልብ ወለድ ቢከፋ አንባቢው ሁለት ምሽት ያባክናል፣ ደራሲውም በጋዜጣ ይሰደባል። ይሄ መጽሐፍ ሲከፋ ግን የሰው ዕቁብ ይበላል። ታዲያ የትኛው ነው ሂስ የሚያስፈልገው?

ርዕሱንም አሳታሚውንም አልጠራም። አንድን ሰው ለይቼ መውቀስ አልፈልግም፤ አስፋልት ዳር ከተዘረጉት መሰል መጻሕፍት ብዙዎቹ ከዚህ አይሻሉምና። ስልሳ ገጽ የማይሞላ፣ ሽፋኑ ላይ ሣር የምትጭር ነጭ ዶሮ ያለችበት፣ «ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የተዘጋጀ» የሚል ነው። ከየትኛው እንግሊዝኛ፣ የማን አገር ሰው የጻፈው፣ ለየትኛው አየር የተጻፈ… አይልም። እትዬ ጠርዙን ያጠፉት ገጽ ስለ ክረምት የሚያወራው ምዕራፍ ነው።

ምዕራፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ክረምት ሲገባ ቀኑ ያጥራል። ዶሮ ደግሞ መጣልና ማቆሟን የምትወስነው በብርሃን ነው። ስለዚህ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን እንድታገኝ አምፖል አብሩላት። ብርድ እንዳይገባ ክፍተቱን ድፈኑ። የምትጠጣው ውሃ በረዶ እንዳይሠራ ጠዋት ጠዋት ተመልከቱ።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ውሃው በረዶ እንዳይሠራ? አዲስ አበባ ላይ፣ በሐምሌ?

ገባችሁ አይደል? ጸሐፊው የጻፈው ስለ ዊንተር ነው። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፤ ዊንተር «ክረምት» ይላል። ጻፈ፤ አለፈ። እትዬም አነበቡ፤ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ፤ እውነትም ክረምት ነው። አምፖል ገዙ።

አሁን የዶሮውን ነገር ለጊዜው እንተወውና የብርሃኑን ቁጥር እንመልከት። ለንደን ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ይብሳል። በዚያ አገር ዶሮ በዊንተር መጣል ብታቆም አይፈረድባትም። ብርሃን በዓይኗ ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሏ አልፎ አንጎሏ ውስጥ ያለ ክፍል ይደርሳል፤ የእንቁላሉን ሥራ የሚያስጀምረው ንጥረ ነገር የሚታዘዘው ከዚያ ነው። ቀኑ ሲያጥር ትእዛዙ ይቀንሳል፤ ዶሮዋም ላባዋን ቀይራ ታርፋለች። አምፖሉ እዚያ አስተዋይ ምክር ነው።

አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። የዓመቱ ረጅሙ ቀናችን 12 ሰዓት ተኩል ከፍ ይላል፤ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ከፍ ይላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ ረጅሙ ቀን የሚውለው ሰኔ 14 አካባቢ ነው፤ አጭሩ ታኅሣሥ 12 አካባቢ። ማለትም ክረምታችን የሚገባው ቀኑ በረዘመበት ሰሞን ነው። መጽሐፉ «ቀኑ ያጥራል» የሚለን ዶሮዎቻችን ከዓመት ዓመት ከሚያገኙት ብርሃን ብዙውን በሚያገኙበት ወር ላይ ነው!

ብርዱስ? እሱም ተገልብጧል። የአዲስ አበባን ሌሊት ውርጭ የሚያንቀጠቅጠው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ሲፈላ። የሐምሌ ሌሊት ደመና ለብሶ ስለሚያድር ከዚያ ይሻላል። የክረምታችን ጠላት እርጥበቱ ነው። ዶሮ ላባዋ እስከደረቀ ድረስ ብርድ ትችላለች፤ እርጥብ ላይ ቆማ፣ እርጥብ አየር ስባ ግን አትከርምም።

እትዬ በመጽሐፉ ምክር ክፍተቱን ሁሉ በላስቲክ ወጥረውታል። አብረን ወደ ጓሮ ሄድን። በሩን ስከፍት ሽታው ዓይኔን ለበለበው። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ 20 ዶሮ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ውሃ ይጠጣል። የጠጡት ውሃ አብዛኛው በኩስና በትንፋሽ ተመልሶ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ላስቲኩ የውጪውን ዝናብ ሲከለክል የውስጡን ዝናብ አስቀርቶታል። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ጭድ ጭቃ ሆኗል። አምፖሉ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ መጽሐፉ 14 ሰዓት ሲል ስንት ሰዓት ተበርቶ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አልነገራቸውማ! መብራት በሄደ ሌሊት ዶሮዎቹ ድንገት ይጨልምባቸዋል፤ ቆጡ ላይ የመውጫ ጊዜ አጥተው እርጥቡ ወለል ላይ ያድራሉ። ብርሃን ዛሬ ረዝሞ ነገ ሲቆረጥ ደግሞ ጭራሽ መጣል ያስቆማል እንጂ አያስቀጥልም።

ያስጠራነው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ኩሱን ዓይቶ ደም አገኘበት። ኮክሲዲዮሲስ ነው አለ፤ በእርጥብ ጉዝጓዝ የሚራባ የአንጀት በሽታ። በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘ። «ፈንግል ባለመሆኑ ተመስገን በሉ፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ቤቱን አራግፎት ይሄድ ነበር» ብሎ፣ የፈንግልን ክትባት ክረምት ከመግባቱ በፊት ማስከተብ እንዳለባቸው ነገራቸው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚመረት ነው። መጽሐፉ ስለ ፈንግል ስንት ገጽ ሰጠ መሰላችሁ? አንድ አንቀጽ። ያውም በሽታው ፈንግል ተብሎ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ስሙ በፊደላችን ተጽፎ። እትዬ ፈንግልን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ እናታቸው ዶሮ ሲያልቅባቸው ዓይተዋል። ያንን አንቀጽ ግን የማያውቁት የፈረንጅ በሽታ ነው ብለው ዘለሉት።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። ሐያሲ ጥፋት ብቻ ከቆጠረ ሂስ መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል። መጽሐፉ ጥሩ ነገርም አለው። አንድ እንቁላል ለመሠራት አንድ ቀን ከፍ ያለ ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ከዚያም አብዛኛው ለቅርፊቱ እንደሚውል በደንብ ያስረዳል። ለአንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም እንደሚያስፈልግ፣ ጣይ ዶሮ በመኖ ካላገኘችው ከራሷ አጥንት እንደምትበደር ይናገራል። ይሄ እውነት ነው፤ የየትም አገር ዶሮ እውነት ነው። መብራትም ቢሆን ለዶሮ አይጠቅምም አላልኩም። የእኛ 12 ሰዓት በመጽሐፉ ከተጠቀሰው 14 ሰዓት ያንሳልና ትልልቅ እርባታዎች ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሦስት ሰዓት በመብራት ይጨምራሉ፤ በሰዓቱ አብርተው በሰዓቱ ያጠፋሉ። ይሄ ግን ከክረምት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቅድሚያ ይሰጠው ከተባለም የታኅሣሥ ሥራ ነው።

ካልሲየሙንም ቢሆን አግኙ የሚለው ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። እትዬ ይሄን ፍለጋ ሁለት ቀን ተንከራተዋል። ባሕር የሌለው አገር ሰው የባሕር ቅርፊት ከየት ያምጣ? የኖራ ድንጋይ ዱቄት በየመኖ መሸጫው አለ። የራሱ የእንቁላሉ ቅርፊት ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ይበቃል። ተርጓሚው አንዲት ዶሮ አርቢ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ፤ የቀድሞ ሙያዬ ነውና ታገሱኝ። አማርኛ ወቅት አያጣም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ቀጥሎ መፀው፣ በጋ፣ ጸደይ እያለ ይዞራል። እያንዳንዱ ቃል ከዚህ ሰማይና ከዚህ መሬት ጋር የተሠራ ነው። በትምህርት ቤት ግን አራቱን የፈረንጅ ወቅቶች ከእነዚህ ከአራቱ ጋር በመስመር እንድናዛምድ ተማርን፤ ቁጥራቸው አራትና አራት ስለሆነ ብቻ። ዊንተር ክረምት፣ ሰመር በጋ ተባለ። በዚያው አገር ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሐምሌና በነሐሴ የሚሰጡትን ትምህርት በእንግሊዝኛ «ሰመር ኮርስ»፣ በአማርኛ «የክረምት ትምህርት» ይሉታል። እኔ ራሴ ለስንት ዓመት የሰመር ኮርስ በክረምት አስተምሬያለሁ። እንግዲህ ክረምት በሬጅስትራር ቢሮ ሰመር፣ በመዝገበ ቃላት ዊንተር ሆኖ በሰላም ሲኖር ማናችንም ምን ነካው ብለን አልጠየቅንም።

«ታዲያ ውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን በጥር ሲደውሉ ‹እዚህ ክረምት ነው› ይሉ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይላሉ። እነሱ ቢሉ ግን ማንም አይጎዳም። የሚናገረው በረዶውን እያየ ነው፤ የምትሰማው እናትም ልጇ በረዶ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ቃሉ አገር ለቆ ሄዶ እዚያ ሥራ አገኘ፤ ይቅናው። የእኛው መጽሐፍ ግን የዚያን አገር ብርድ አምጥቶ በዚህ አገር ቃል ውስጥ ደብቆ ይሸጥልናል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

በዚህ ጉዳይ ተርጓሚውን ብቻ ልወቅስ አልችልም፤ እኔም ዕዳ አለብኝ። ስለ አውሮፓ ግጥም ሳስተምር ክረምት የሞት፣ የእርጅናና የባዶነት ምልክት ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ክረምት ካልገባ ምን ይበላል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ትክክል ነበር። በእሱ ቋንቋ ክረምት የዘር፣ የቡቃያ፣ የተስፋ ጊዜ ነው፤ የሚያስርበው የክረምቱ መጥፋት ነው። እኔ ምን አልኩት? «ለፈተናው እንዲህ ብለህ ጻፍ።» ጻፈም። ጥሩ ውጤት አገኘ። ያን ቀን ልጁን ያስተማርኩት መጽሐፍና መስኮት ሲጣሉ መጽሐፉን እመን ብዬ ነው። እንዲህ እያልን ያስተማርናቸው ዛሬ ይተረጉማሉ፣ ያርማሉ፣ ያሳትማሉ። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ማለት ይሄ አይደል?

እትዬንም ጠየቅኳቸው። «ላስቲኩን ሲወጥሩ ቤቱ እንደሚታፈን አልታወቀዎትም?»

«ታውቆኛል እንጂ! እናቴ በክረምት የዶሮ ቤቱን አመድ ትነሰንስበት ነበር፤ በላይ በኩልም ክፍት ነበር። ግን የታተመ ነገር ነው ብዬ… የተማረ ሰው የጻፈው ነው ብዬ።»

ከሁሉም የከነከነኝ ይሄ ነው። እኚህ ሴት እውቀት አጥተው አልነበረም። በእጃቸው የነበረውን እውቀት የታተመ ወረቀት ፊት አፍረው ጣሉት። መጥፎ መጽሐፍ ያላወቀውን ሰው ያሳስተዋል ብቻ ብለን እናስባለን። የሚያውቀውንም ያስረሳዋል።

ጥሩ የዶሮ መጽሐፍ በአማርኛ ሊጻፍ አይችልም? እንዴታ! ስለ ክረምት የሚያወራው ምዕራፍ ከጎርፍ ይጀምር ነበር። ወለሉ ከመሬት ከፍ እንዲል፣ ዙሪያውን ቦይ እንዲቆፈር፣ የጣሪያው ክፈፍ ወጣ እንዲል ይነግረን ነበር። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ዝጉ፤ ከጣሪያው ሥር ግን በስንዝር የምትለካ ክፍተት ይኑር ይለን ነበር። ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት አሽትቱ፤ ዓይናችሁን ከለበለበው እሷንም ለብልቧታል ይል ነበር። ጉዝጓዙ በደረቅ ሰጋቱራ ይለወጥ፣ መኖው ሻጋታ እንዳይዘው ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ ይል ነበር። ክረምት እህል የሚወደድበት፣ አዲሱ ምርት ገና ማሳ ላይ ያለበት ጊዜ ስለሆነ አርቢው ሳይወድ በግድ ወደ ፉርሽካ ብቻ እንደሚያዘነብል፣ ፉርሽካ ብቻ ደግሞ ሆድ እንጂ እንቁላል እንደማይሞላ፣ የኑግ ፋጉሎና በቆሎ ሊቀላቀልበት እንደሚገባ ያስረዳ ነበር። የአበሻ ዶሮ 12፣ 15 ጥላ ስትታቀፍ ታመመች እንዳይባል፣ እሷ 21 ቀን ሥራዋን እየሠራች እንደሆነ ይነግረን ነበር። በፍልሰታ ጾም የእንቁላል ገበያ እንደሚቀዘቅዝ፣ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ እንደሚሻሙበት ያውቅ ነበርና ስለ ገበያውም አንድ ሁለት ገጽ አይነፍገንም ነበር።

ይሄን ለመጻፍ እንግሊዝኛ አያስፈልግም አልልም፤ ሳይንሱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። መተርጎምም ክቡር ሥራ ነው። ግን ተርጓሚ ሁለት መጽሐፍ ነው የሚያነብበው፤ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ሌላው መስኮቱ ላይ ያለው። ሁለተኛውን ያላነበበ ሰው ከፊደል ፊደል ቀዳ እንጂ ተረጎመ አይባልም።

እኛም ላስቲኩን ከላይ በኩል ቀደድነው። ጭቃውን ዛቅን። አምፖሉን እትዬ ወደ ማድቤታቸው ወሰዱት። መድኃኒቱ ሠራ፤ ግን እስኪሠራ ድረስ የሞቱት 6 ደረሱ። የጳጉሜን ሰሞን ከቀሩት 14 ዶሮዎች በቀን 8፣ 9 እንቁላል ይለቅሙ ጀመር። ለእንቁጣጣሽ ለእኔም 12 ላኩልኝ፤ ለአንድ ዶሮ ወጥ የሚበቃ።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዘው መጡ። ልጥለው ነው ብለው መስሎኝ ነበር። «ጥሩ ነገርም አለው ብለሃል፤ አልጥለውም። ግን ሌላ ሰው ቢዋሰኝ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ጻፍልኝ» አሉ። እርሳስ አወጣሁና ያን ምዕራፍ ገለጥኩ። «ክረምት» የሚለው ቃል በየመስመሩ አለ። እየሰረዝኩ ምን ልጻፍበት ብዬ ተቸገርኩ። «የፈረንጅ ብርድ» ብል ሳቁ። በመጨረሻ ቃሉን ሳልሰርዝ ከራስጌው ላይ «ይህ ስለ እኛ ክረምት አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። የእኛው ክረምት ስንት ገጽ እንደሚሆን ግን እትዬ አሁን እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ገጽ ደርሰናል፤ ገና ስለ ሽለምጥማጥ አልጀመሩም።